ለእንግዳ የማይታማ መሬት

ይኸነው ገበየሁ የዚህ አገር በሽታ ድንቁርና ሳይሆን የሶፍትዌር እጥረት ነው ብለው ከሚያምኑት ወገን ነበር። ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ተወልዶ፣ ስታቲስቲክስ ተምሮ፣ እንጅባራ ከአንድ የግብርና መሥሪያ ቤት በመረጃ ባለሙያነት ተቀጠረ። ባለሙያነቱም የስብሰባ ጥሪ መተየብና አለቆቹ አስቀድመው ለወሰኑት ውጤት የሚስማማ ፐርሰንት መፈለግ ነበር።

በ2008 ዓ.ም. ለሥልጠና ዳንግላ ላኩት። ሠልጣኙ ሁሉ አበሉን ፈርሞ ወደ ጥብስ ቤት ሲበተን፣ ይኸነው ብቻ ፊት ወንበር ላይ ቀርቶ ኤስፒኤስኤስ የሚባለውን የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር በፍላሽ ገልብጦ ወጣ። ከዚያ ወዲያ ሰው አልሆነም። ሶፍትዌሩ ከብዙ ሺህ የመጠይቅ መልስ ውስጥ ማንም ያላየውን ነገር ቆፍሮ ያወጣል፣ ያለፈውን አይቶ የሚመጣውን ይተነብያል እያለ የጽዳት ሠራተኛዋን ሳይቀር አሰለቸ።

ሲሳቅበት ከረመ፤ በመጨረሻ ኖራ መጣ። የአካባቢው አፈር በአሲድ ተበልቶ ገብሱ ቢጫ ሆኖ መቅረት ከጀመረ ሰንብቷል፤ መድኃኒቱ የተፈጨ ኖራ ነው። የመጣው ግን ለጥቂት ቀበሌዎች ብቻ የሚበቃ ነበር። ኃላፊው አቶ ወርቅአየሁ ለማን ሰጥተው ከማን እንደሚጣሉ ሲጨነቁ፣ ይኸነው ስብሰባ ላይ ተነስቶ ኮምፒዩተሩ ይምረጥ፣ ኮምፒዩተር ዘመድ የለውም አለ። አጨበጨቡለት። ከተጠያቂነት የሚያመልጡበትን መንገድ ላሳያቸው ሰው ቢሮዎች ምን ጊዜም ያጨበጭባሉ።

ይኸነው ግን ጭብጨባውን አልነበረም የፈለገው። የአባቱ ማሳ እየሞተ ነበር። ገብሱ ዓመት በዓመት ሲያጥር፣ ዛላው ባዶ ሲሆን በዓይኑ አይቷል። የሶፍትዌሩ ትንበያ የአባቱን ቀበሌ ከሁሉ አስቀድሞ እንደሚጠራው ስላልተጠራጠረ፣ ገና ሥራውን ሳይጀምር ሄዶ አባቱን ኖራ እየመጣልዎ ነው አላቸው። ጎረቤቱ ሁሉ ማሳውን ለከሰል በሚሆን የዲከረንስ ዛፍ ሲሸፍን እምቢ ብለው የቆዩት አቶ ገበየሁም ደስ ብሏቸው የገብስ ዘር ይመርጡ ጀመር።

ይኸነው የቀበሌ ሠራተኞች ስለ አፈሩና ስለ ምርቱ ከየገበሬው ጠይቀው ያመጡትን መልስ ሁሉ አስገብቶ ሶፍትዌሩን አዘዘው። የአባቱን ቀበሌ ከመጨረሻው አስቀመጠለት፤ አፈሩ ጤነኛ፣ ምርቱም የሚጨምር። ደጋግሞ ሞከረ። ያው ነው።

ቅዳሜ ወደ መንደሩ ሄደ። አባቱን ማሳው ዳር አግኝቶ በአገውኛ ጠየቃቸው።

"አባ፣ ያ ጠያቂ የመጣ ዕለት ምን አሉት?"

"ምን እለዋለሁ? ጥሩ ነው፣ ይሰጣል አልኩት።"

"እንደማይሰጥ እያወቁ?"

ሽማግሌው እንደ ዕብድ አዩት። "ከነአባቴ ያበላኝን መሬት፣ እላዩ ላይ ቆሜ ለእንግዳ ልማው? ቢሰማኝ ጭራሽ ነው የሚነሳኝ።"

ጎረቤቶቹም የመለሱት ይኸንኑ ነበር። በዚያ መንደር ሰው ጎኔን አመመኝ ይላል እንጂ መሬቴ ከዳኝ ብሎ ለማያውቀው አይናገርም። እርዳታ የለመደው ሌላው ቀበሌ ግን ማልቀሱን ተክኖበታልና ከፊት ተሰልፏል። ያ ሁሉ የረቀቀ ሒሳብ ሲቆፍር የከረመው አፈር ሳይሆን ይሉኝታ ኖሯል። ፈረንጅ ቢሳሳት ይቅር ይባላል፤ ይኸነው ግን በዚያው ይሉኝታ ውስጥ አድጎ፣ የአባቱን ጨዋነት እንደ እውነት ቆጥሮ ለማሽን አበላው።

ሰኞ ለኃላፊው አስረዳ። መልሱ አይታመንም፣ አፈሩ ራሱ ይመርመር ብሎ ለመነ። አቶ ወርቅአየሁ እስኪጨርስ በትዕግሥት ሰሙት።

"አንተው አይደለህ ኮምፒዩተር ዘመድ የለውም ያልከን? ያንተን ዘመድ ሲተው ጊዜ ተሳሳተ?"

ቢሮው ሳቀ። ይኸነው ጠረጴዛው ጋ ተመልሶ ፋይሉን ከፈተ። ቁጥሩን በጣቱ ነካ አድርጎ የአባቱን ቀበሌ ወደ ላይ ማውጣት ይችላል፤ ማንም አይነቃበትም። ነገር ግን ከላይ እስከ ታች የትኛው መልስ እውነት፣ የትኛው ጨዋነት እንደሆነ መለየት አቃተው። አባቱን ቢያነሳ ማንን እንደሚጥል አያውቅም። ዘጋው።

ግንቦት ላይ ኖራ የጫኑት መኪኖች የእንጅባራን አስፋልት ይዘው ወደ ተመረጡት ቀበሌዎች አለፉ። ሐምሌ ላይ የአቶ ገበየሁ ገብስ ገና ከቁርጭምጭሚት ሳያልፍ ቢጫ ሆነ። ገልብጠው አረሱትና የዲከረንስ ችግኝ አስመጡ። ይኸነው ፈቃድ ወስዶ ሄደ፤ ጭቃው ውስጥ ጎንበስ ብለው አብረው ተከሉ። አባቱ አልወቀሱትም። ቢወቅሱት በቀለለው።

ከማሳው እኩሌታ ሲደርሱ ሽማግሌው ወገባቸውን ይዘው ቀና አሉ።

"ይኸ ለከሰል እስኪደርስ አራት አምስት ዓመት ይፈጃል አሉ። እንግዲህ እዚህ ላይ ገብስ ማየቴ ቀረ።"

ይኸነው ቀጣዩን ችግኝ አቀበላቸው። አባቱም ዝናቡ ሳያባራ እንጨርስ ብለው እንደገና ጎንበስ አሉ።