በባሩዱና በአረሩ መካከል

ሥራ የጀመርኩ ዕለት አለቃዬ ሬይ "ተኩስ ታውቃለህ?" ብሎ አልጠየቀኝም። "ዕቃ ማጠብ ትችላለህ?" ነው ያለኝ። እቤቴ አንድ ሰሃን አጥቤ የማላውቀው ሰውዬ ደረቴን ነፍቼ "እችላለሁ" አልኩ። ከዚያ በፊት ሆሊውድ ውስጥ የሰው መኪና እያቆምኩ ነበር የምኖረው። ከሬይ ጋር የተዋወቅነውም መኪናውን ሳቆምለት ነው።

ሬይ ከከተማ ወጣ ብሎ፣ በረሃው ጫፍ ላይ የተኩስ ሜዳ አለው። የሚመጡት ደንበኞች የድሮ የካውቦይ ሽጉጥ በገዛ እጃቸው መሞከር የሚፈልጉ ናቸው። ሽጉጦቹ እንደ ዛሬዎቹ ባለ ቀለህ ጥይት አይጎርሱም። ስድስት ጉድጓድ አላቸው፤ በእያንዳንዱ ጥቁር ባሩድ ይጨመርበታል፣ ላዩ ላይ ድቡልቡል የእርሳስ አረር ይጠቀጠቅበታል። በስተኋላ ደግሞ እሳት የምትሰጠው የመዳብ ካፕ ትገባለች። የዚህ ባሩድ ጥላሸት ለጉድ ነው። ስለዚህ ተኩስ ሲያልቅ ሽጉጡ ተፈታቶ በሙቅ ውሃና በሳሙና ይታጠባል። የኔም ማዕረግ አጣቢ ነበር።

እውነቱን ለመናገር ተኩስ እፈራለሁ። አንዱ ሽጉጥ በጮኸ ቁጥር ትከሻዬ ጆሮዬ ድረስ ይወጣ ነበር። ሬይ መጀመሪያ ሳቀብኝ፤ ቆይቶ ግን "እዚህ ቤት የማይፈራ ሰው አልፈልግም" አለኝ። ደስ አለኝ፣ ምክንያቱም ሌላ ቦታ ፍርሃቴን እንደ ሙያ የቆጠረልኝ ሰው የለም።

አንድ ቀን የተተኮሰባቸው ሁለት ሽጉጦች ሰጠኝና "ጉድጓዶቹ ያሉበትን ከበሮአቸውን አሽከርክር" አለኝ። አንደኛው በጥላሸት ተጣብቆ አልንቀሳቀስ አለ። ሁለተኛው እንደተቀባ ማጠፊያ ዞረ። ልዩነቱ ዋድ ነበር። ዋድ ከተጠቀጠቀ ሱፍ የሚቆረጥ፣ በሰምና በበግ ሞራ የተነከረ፣ የሸሚዝ ቁልፍ የሚያህል ክብ ነገር ነው። ቦታው በባሩዱና በአረሩ መካከል ነው። ስቡ ጥላሸቱን ያለሰልሳል፤ ዋዱ ራሱ ደግሞ የአንዱ ጉድጓድ እሳት ወደ ጎረቤቱ እንዳይሻገር ያግዛል።

ሜዳው ላይ ምድጃ ስለሌለ ዋዱን የምንሠራው እኔና ባለቤቴ ጽጌ ነበርን፣ ከተማው ውስጥ ዌስት አዳምስ ሰፈር ባለው ቤታችን። እኔ ሰሙንና ሞራውን አቀልጣለሁ፣ እሷ ሱፉን በመብሻ እየቆረጠች ትነክራለች። ከእኔ ይልቅ የእሷ እጅ ቀጥ ያለ ነው፤ ሬይም ይህን ያውቃል። እኔም ቀስ በቀስ ከአጣቢነት ወደ አጉራሽነት አደግሁ። ሽጉጥ የማጎርስ፣ ተኳሹ አጠገብ የምቆም ሰው ሆንኩ ማለት ነው።

ሁዳዴ ላይ ዋድ አለቀብን። እኔ ሜዳ ስለነበርኩ ጽጌ ብቻዋን ሠርታ በቆርቆሮ ሞልታ ጠበቀችኝ። ጠዋት ከፍቼ አየሁት፤ የረጋ፣ ቢጫ፣ እንደ ሁልጊዜው ነው። አመስግኛት ይዤው ሄድኩ።

የዚያ እሑድ ደንበኛ ጋሼ ይልማ ነበሩ። ጋሼ ይልማ ፌርፋክስ ላይ የሐበሻ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ እሳቸው ጥልፉን ያልነኩት የሙሽራ ቀሚስ በሰፈሩ አይገኝም። ቀኑን የያዘችላቸው ልጃቸው ሄለን ናት፣ ለልደታቸው ስጦታ። ቀጠሮው ጠዋት ነበር። ካፕ የሌለው ሽጉጥ ስለማይተኮስ፣ ባሩዱን፣ ዋዱንና አረሩን ቀድሞ ማጉረስ የሜዳችን ልማድ ነው፤ እንደዚያው አደረግሁ። ከዚያ ሄለን ደወለች።

"አሰፋዬ፣ ሶሪ! ቅዳሴው ረዘመ። ደግሞ ዳዲ ሳልቀምስ አልሄድም ብሎ ሬስቶራንት ገባን። አሁን ድራይቭ እያደረግሁ ነው፣ ኦን ዘ ዌይ ነን፣ ኦኬ?"

የሐበሻን "መንገድ ላይ ነን" ስለማውቅ ለሬይ "ትንሽ ይቆያሉ" አልኩት። ሽጉጡ ጠረጴዛው ላይ ጎርሶ ተቀመጠ። ፀሐይዋ ዞራ ዞራ መጣችበት።

ጋሼ ይልማ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ከረቫታቸውን አጥብቀው መጡ። ካፖቹን ገጠምኩ፣ አቋቋማቸውን አስተካከልኩ። የመጀመሪያው ተኩስ ሜዳውን አናወጠው፤ ጭሱ ዋጣቸው፣ ከውስጡ ሳቃቸው ተሰማ። ሄለን በስልኳ ትቀርጻለች። ሁለተኛውን ሳቡ። "ፉስ" አለ። ድምፅ የለ፣ ጭስ የለ።

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። አረሩ ከጉድጓዱ ወጥቷል፤ ነገር ግን አቅም አጥቶ የሽጉጡ ቱቦ ውስጥ ተቀርቅሯል። ሌላ ጥይት ከኋላው ከተተኮሰ ቱቦው እጃቸው ላይ ይፈነዳል። ጋሼ ይልማ ግን በልጃቸው ፊት የከሸፈባቸው መስሏቸው አፍረዋል። ካፑን የሚመታውን መዶሻ መልሰው ሳቡት።

"ጋሼ ይልማ፣ ይቁሙ! እንዳይስቡ!" ብዬ ጮህኩ።

ጆሯቸው በመከላከያ ተደፍኗል። ጣታቸው ምላጩን ሲጫን አየሁና ተወርውሬ አውራ ጣቴን በመዶሻውና በካፑ መካከል ሰነቀርኩ። መዶሻው ጥፍሬ ላይ ወረደ። እንባዬ መጣ፤ ሽጉጡ ግን አልጮኸም።

"ምን ሆነሃል አንተ ልጅ? ልቤን ልታቆመው ነው እንዴ!" አሉኝ ተቆጥተው።

ሬይ እየሮጠ መጥቶ አፈሙዙን ወደ ዒላማው እንዳዞረ ሽጉጡን ተቀበለን። ካፖቹን አነሳ፣ ቱቦውን ነቀለ፣ በናስ ዘንግ መታ መታ ሲያደርገው አረሩ ከመሃል ተፈናቅሎ ጠረጴዛው ላይ ወደቀ። ከቀሩት ጉድጓዶች አንዱን ሲያራግፍ ባሩዱ እንደ ራሰ በሶ ተድበልብሎ ወጣ።

ጋሼ ይልማ አረሩን አዩት። "ብስበው ኖሮስ?" አሉኝ። ነገርኳቸው። ቀኝ እጃቸውን ዘርግተው ጣቶቻቸውን አጠፉ፣ ዘረጉ፣ አጠፉ። ሄለን ስልኳን ጥላ አቀፈቻቸው። እኔ ጠጠሩ ላይ ተቀመጥኩ። ሳቄ መጣ፤ ላቆመው ብል አልቆም አለኝ። እንደዚያ ያለ እፎይታ በዕድሜዬ አላየሁም።

ሬይ ከቆርቆሮው አንድ ዋድ አንስቶ በጣቱ ጨመቀ። ዘይት ወረደው። "ይህ ሞራ አይደለም" አለኝ። እዚያው ለጽጌ ደወልኩ፣ ድምፁን ለሁሉም እንዲሰማ ከፍቼ።

"ጽግዬ፣ ዋዱ ውስጥ ምን ጨመርሽበት?"

"ዘይት ነዋ! በሁዳዴ በድስቴ ሞራ ይቅለጥ ልትለኝ ነው? ልኩን እንደሆነ ምንም አላጓደልኩም።"

ሰምና ዘይት በቀዝቃዛ ቤት ሲረጋ ከሰምና ሞራ በዓይን አይለይም። በረሃ ላይ ግን ያልባል፣ ያላበውንም ባሩዱ ይጠጣል። የሆነውን ነገርኳት። ከዚያ በቀጭን ድምፅ "ጋሼ ይልማ ደህና ናቸው?" አለች።

እሳቸው ወደ ስልኩ ጎንበስ ብለው መለሱላት። "ደህና ነኝ ልጄ። ጣቶቼም ሁሉም አሉ። ጾሙንም አልሻርሽም።"

ስልኩ ሲዘጋ የሬይን ፊት ፈራሁ። እንጀራዬ የሚያልቀው እዚህ ጋ ነው ብዬ ነበር። እሱ ግን ያበጠውን ጣቴን አየና በረዶ አመጣልኝ። "ይህ ሰው እጁን አጥቶ ቢሆን ሜዳውም አይኖርም ነበር" አለኝ። "ከዛሬ ጀምሮ ተኳሹ መጥቶ ቦታው ላይ ሳይቆም ሽጉጥ አይጎረስም። ልማዱ የኔ ነው፣ ሻርኩት።"

ሽጉጡን አጥበን፣ ከአሮጌው የሞራ ዋድ የተረፈውን ፈልገን፣ በፊታቸው አጎረስኩ። ስድስቱም ጮኹ። ጋሼ ይልማ አንዱንም ዒላማ አልመቱም፣ ግን ሲወጡ ከረቫታቸው እስኪዞር ድረስ እየሳቁ ነበር። ያን ሳምንት የአንዲት ሙሽራ ጥልፍ መጨረስ ነበረባቸው፤ ጨረሱት።

አሁን የዓመቱን ዋድ የምንሠራው በቅበላ ሳምንት፣ ጾም ሳይገባ ነው። ጽጌ ለሥራው ለብቻው የሚሆን ድስት ገዝታለች፤ ሞራውን እኔ አቀልጣለሁ፣ ሱፉን እሷ ትቆርጣለች።

ለአዳዲሶቹ ሠራተኞች የምነግራቸው ይህንኑ ነው። ዋዱን ማንም ይሥራው፣ ሜዳው ላይ ባለው ሙቀት ጨምቃችሁ ሳታዩት አታጉርሱ። ድምፁ ካነሰ፣ ተኳሹ ማንም ይሁን ማን፣ ሽጉጡን አስቁሙና ቱቦውን በዘንግ ፈትሹ።