እሜቴን ሳንገፋ ወደ ቡሹሎ

ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት፣ አዲስ ከተማ

የዛሬው ጉዞ ሩቅ አይደለም። ከአዲስ ከተማ ቤታችን ተነስተን፣ በፒያሳ አድርገን፣ ከከተማችን ሐይቅ ዳር ያለው ቡሹሎ ደርሰን መመለስ ነው። ባጃጅ የያዘ ሰው እንደ ጉዞም አይቆጥረው። እኛ ግን የምንሄደው በእሜቴ ነው። እሜቴ የአባዬ አሮጌ ሰማያዊ መኪና ናት፤ ከእኔ በሁለት ዓመት ትበልጣለች፣ ከእኔም በላይ ትከበራለች። አባዬ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ሦስት ባትሪ በልታለች። የሰፈሩ ሰው ገና ሲያያት እጅጌውን ይሰበስባል፤ ተገፍታ መነሳት ልማዷ ነዋ!

ስለዚህ ከአባዬ ጋር ተወራረድን። ሳትገፋ ቡሹሎ ደርሳ ከተመለሰች ከእኛ ጋር ትኖራለች፤ አንድ ሰው እንኳ ከገፋት ሰኞ ትሸጣለች። ሐሳቡ የእኔ ነው። አባዬ «እሺ» ሲል ድምፁ ሰለለ፤ ወዲያው ጸጸተኝ፣ ግን ግትር ነኝና ቃሌን አልመለስኩም።

እማዬ ለጓደኛዋ ለወይዘሮ አየለች የጋገረችውን ድፎ ዳቦ ታቅፋ ከኋላ ተቀመጠች። ከፊት ዳሽቦርዱ ላይ፣ እንደ ሳሎናችን ጠረጴዛ፣ በእጇ የሠራችው ነጭ ዳንቴል ተነጥፎ እስከ መለኪያዎቹ ወርዷል።

ሦስት ሰዓት ተኩል፣ ፒያሳ

መንገዱ በባጃጅ ተጨናንቋል። ቆም፣ ሄድ፣ ቆም፣ ሄድ ስንል እሜቴ ሁለቴ ሳል አለችና ጸጥ። አባዬ ቁልፉን ቢያዞር «ጠቅ» ብቻ።

ከካፌው በረንዳ አራት ሰዎች ማኪያቷቸውን ትተው ተነሱ። ማንም አልጠራቸውም፤ እዚህ አገር የቆመ መኪና ያየ ሰው ሳይጠሩት ይገፋል። አባዬ ዘሎ ወረደ።

«አትንኳት! በፈጠራችሁ አትንኳት!»

«ጋሼ፣ ልንረዳዎት እኮ ነው።»

«እርዳታው ይቅርብኝ!»

ሳቄ መጣ፤ ደግሞ አንጀቴን በላኝ። ከአራቱ አንዱ ሄዶ ዳንጊሶ የሚባል የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠራልን። ዳንጊሶ ባትሪና የኤሌክትሪክ መለኪያ ቴስተር ይዞ መጣ፤ በራሱ ባትሪ ሞተሩን አስነሳው። አባዬ ወደ እኔ ዞረ።

«ይሄ መግፋት አይደለም።»

«አይደለም» አልኩ።

ዳንጊሶ በቴስተሩ ለካ፣ ዲናሞውን የሚያዞረውን የጎማ ቀበቶ፣ ቺንጋውን፣ በጣቱ ተጫነ፣ ሽቦዎቹን ነካካ። «አባቴ፣ ባትሪዎ ጥፋት የለበትም። ዲናሞው አይሞላውም እንጂ። የሚበላው ሳይሰጡት ሥራ ቢሉት ምን ያድርግ?» ሞተሩን አጠፋና «አሁን ቁልፉን ብቻ ይክፈቱ፣ አያስነሱ» አለ። ከዚያ ዳንቴሉን ገለጥ አድርጎ አየ።

«ቀይዋ የባትሪ መብራት የታለች? አሁን ልትበራ ይገባ ነበር።»

አባዬ መነጽሩን አውልቆ ይጠርግ ጀመር። «ነቅያታለሁ።»

«ለምን?»

«ባለቤቴ ቀይ ስታይ ትደነግጣለች። ቁልፍ በከፈትኩ ቁጥር ‹ልንቃጠል ነው!› ትል ነበር። ዓመታት አልፈውታል።»

«ኧረ በስመ አብ! ለእኔ ብለህ?» አለች እማዬ ከኋላ።

«ላንቺ ብዬ።»

እማዬ ዳቦውን ይበልጥ አቀፈችው።

ዳንጊሶ ሳቁን ዋጥ አድርጎ አስረዳን። መብራቷ ለወሬ ብቻ የተቀመጠች አይደለችም፤ ዲናሞውን የሚቀሰቅሰው የመጀመሪያው ኃይል በእሷ በኩል ነው የሚያልፈው። ሩቅ መንገድ ሞተሩ በኃይል ሲሮጥ ዲናሞው ያለ እሷም ይነቃል፤ በከተማ ዝግታ ግን ተኝቶ ይቀራል። አባዬ በሥራ ዘመኑ ሻሸመኔ ይመላለስ ነበር፤ አሁን ከፒያሳ አያልፍም። ሦስት ባትሪ ስንገዛ ይህን የጠየቀ አልነበረም።

አባዬ ከዳሽቦርዱ ኪስ የክብሪት ቀፎ አወጣ። መብራቷ ውስጡ በጥጥ ተጠቅልላለች። ዳንጊሶ ተከላት፤ በራች፤ ሞተሩ በእሱ ባትሪ ሲነሳ ጠፋች። ቴስተሩን አይቶ «አሥራ አራት ቮልት! በላ!» ብሎ ጮኸ። «ባትሪዎ ግን ባዶ ስለሆነ ቶሎ አያጥፏት፤ መንገዱን ያርዝሙት።»

ሰባት ሰዓት፣ ቡሹሎ

አረዘምነው። አባዬ በሐይቁ ዳር ሁለቴ ዞረ፤ እማዬ ወደ ፊት ተዛውራ ከጎኑ ተቀምጣ ነበር። ወይዘሮ አየለች ቤት ዓሣ ጥብስና አቮካዶ ቀረበልን፤ አባዬ ግን ዓይኑን ከመስኮቱ አልነቀለም። አጥፍቷት ገብቷል፤ ብትነሳስ? ባትነሳስ?

ልንሄድ ስንል ወይዘሮ አየለች ነጠላዋን አጣፍታ፣ ሁለት እጇን ዘርግታ ከኋላ ቆመች። የእሜቴን ዓመል ታውቃለች።

«ወይዘሮ አየለች፣ በእመቤቴ ይራቁልኝ!» አለ አባዬ።

ቁልፉን ከፈተ። ከተገለጠው ዳንቴል ሥር ቀይ በራ። እማዬ ክንዱን ያዘችው፣ ግን አልጮኸችም። እሜቴ አንዴ አቃሰተች፣ ደገመች፣ ከዚያ ተነሳች! ቀይዋ ጠፋች። የጮህኩት እኔ ነኝ።

አሥራ አንድ ሰዓት፣ ቤት

ማንም ሳይገፋን ገባን። ተሸንፌ እንደዚህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። አባቴን «ምን ሆነች?» ብዬ ሳልጠይቀው «እንሽጣት» ማለቴ ግን አሳፍሮኛል፤ ይቅርታ ጠየቅኩት።

አሁን እማዬ ዳንቴሉን ጭኗ ላይ ዘርግታ፣ መሐሉን በመቀስ ከፍታ፣ ዙሪያውን በኪሮሽ እየቋጠረች ነው።

«ቀዳዳው ጠበብ ይበል፣ እንዳትደነግጪ» አላት አባዬ።

«ሰፋ አደርገዋለሁ» አለች። «ላያት እፈልጋለሁ።»