በረቡዕ የታረደው በግ

በዚያን ቀን ጨፋ ሮቢት የነበርነው እነዚህ ነን፦ ከእኛ ወገን እኔ፣ ታላቅ ወንድሜ ጌታቸውና የነፍስ አባቴ መምሬ አለሙ፤ ከእነሱ ወገን አስታራቂው ሼህ አደም፣ ልጄን የገደለው የሰይድ እናት ዘሀራና ወንድሟ ሐሰን። ለማረድ የተጠራ ተክሌ የሚባል ክርስቲያንም ነበረ። ሰይድ ራሱ ከሚሴ ታስሮ ነበር።

የሄድንበት ምክንያት ይህ ነው። ልጄ መኮንን ከብት ነጋዴ ነበር። ሰንበቴ ገበያ ላይ በአንዲት ጊደር ከሰይድ ጋር ተጣሉ፤ በሳምንቱ ሰይድ መንገድ ላይ ጠብቆ በጩቤ ወጋው። ፍርድ ቤቱ ጥፋተኛ ብሎታል፤ ዐቃቤ ሕግም ሞት ጠይቆበታል። ሐሙስ፣ ቅጣቱ ሳይወሰን፣ የሟች ወገን የሚለው ካለ ይሰማል ተባለ። ሼህ አደም ከዚያ በፊት እንታረቅ ብለው ሦስት ጊዜ ሰው ላኩብን። በሦስተኛው እሺ አልኩ። እሺ ያልኩት ለመሄድ ነው እንጂ ይቅር ለማለት ገና አልቆረጥኩም ነበር።

ረቡዕ፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት

ከደሴ ተነሣን። የሚኒባሱ ሒሳብ በሰው አሥራ አምስት ብር ነው። መኪና ስለምፈራ የሐረጎን ቁልቁለት ወርደን እስክንጨርስ የፊቴን ወንበር ግጥም አድርጌ ይዤ ነበር። መምሬ አለሙ «ልቀቂው እንጂ፣ ወንበሩ አይነዳም» አሉኝ። ኮምቦልቻ ላይ ተሳፋሪው ወርዶ ሻይ በዳቦ በላ። እኛ ጾም ስለሆነ ምንም አልቀመስንም።

ከኮምቦልቻ እስከ ሐርቡ ጌታቸው ከመምሬ ጋር ሲከራከር ሄደ።

«መምሬ፣ ለመንግሥት ሰይፍ የተሰጠው ለምንድን ነው? ለጌጥ ነው?»

«ለመንግሥት ተሰጥቷል። ለእሷ ግን አልተሰጣትም።»

«ታዲያ ነፍሰ ገዳይ ሁሉ ይቅር እየተባለ ይለቀቅ?»

«ማን ይለቀቅ አለ? ይታሰር። እኔ የምልህ፣ ይሙት የሚለው ቃል ከእህትህ አፍ አይውጣ ነው።»

መኮንን ከሞተ ጀምሮ አባታችን ሆይን ስጸልይ ስለ ይቅርታ የሚለው ቦታ ስደርስ እዘለው ነበር። ይህን ለመምሬም አልነገርኳቸውም ነበር።

ከሐርቡ በኋላ የጨፋ ሸለቆ ይጀምራል። ማሽላው ደርሶ ጭንቅላቱ ከብዶት ጎንበስ ብሏል፤ ገበሬዎች ማማ ላይ ሆነው ወፍ ይጠብቃሉ። በቦርከና ዳር ከብቱ እስከ ሆዱ ሣር ውስጥ ገብቷል። ልጄ ይህን መንገድ በየሳምንቱ ይመላለስበት ነበር፤ እኔ ግን ያን ቀን ገና ማየቴ ነው። ከሚሴ ላይ መኪና ለውጠን ጨፋ ሮቢት ስንደርስ አምስት ሰዓት ሆኖ ነበር።

ከዋርካው ሥር

«አካም ጅርቱ፣ በሰላም ገባችሁ?» ብለው ሼህ አደም ተቀበሉን። ሁለቱ ወገን ፊት ለፊት ተቀመጥን። ዘሀራ አልተቀመጠችም፤ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ቆማ ቀረች። ሼህ አደም ዱዓ ሲያደርጉ አሚን ልበል አልበል ብዬ ተጨነቅሁ። ቀና ብዬ ባይ መምሬ አለሙ «አሜን» እያሉ ነው። እኔም አልኩ።

ንግግሩ ረጅም ነበር። በአገሩ ደንብ ደመኞች ከአንድ ገበታ ካልበሉ እርቅ ታሰረ አይባልም። እኛ ግን ማዕዱ የሐሙሱ ፍርድ ካለፈ በኋላ የሚቀርብ መስሎን ነበር። ስምንት ሰዓት ገደማ የበግ ወጥ በትልቅ ሳህን መጣ።

ሼህ አደም ደስ ብሏቸው «በእናንተው ደንብ ነው የታረደው» አሉ። «ያረደው ተክሌ ነው፤ ቢላዋውም የራሱ። ድስቱን ከክርስቲያን ጎረቤት ነው ያስመጣነው። የእኛ ለብቻ ተሠርቷል፤ ገበታው ግን አንድ ነው። ምንም አትስጉ።»

ማንም እጁን አልዘረጋም። መምሬ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ሼህ አደም፣ ዛሬ እኮ ረቡዕ ነው» አሉ።

«ሱብሃነላህ!» ሼህ አደም ወደ ተክሌ ዞሩ። «አንተ ሰውዬ፣ ረቡዕ መሆኑን አታውቅም?»

«ለማረድ ጠራችሁኝ፣ አረድኩ። ብላ አላላችሁኝም!»

ሐሰን ሳቅ አመለጠውና ቶሎ አፉን ያዘ። ጌታቸው ተነሣ። «አውቀው ነው ያደረጉት! ካልተበላ እርቅ የለም፤ እንሂድ።»

እውነቱን ልጻፍ፤ ልቤ ቀለል አለኝ። ይቅር ሳልል፣ እምቢም ሳልል የምመለስበት ምክንያት ተገኘ። ልነሣ ስል ዘሀራን አየኋት። አልለመነችም። ሳህኑን ልትመልስ ጎንበስ አለች።

«ቤትሽ የጾም ነገር አለ?» አልኳት።

«የማሽላ ቆሎ ብቻ ነው ያለኝ፣ እቴ። ለእንግዳ የሚሆን አይደለም።»

«ይሆናል። አምጪው።»

በሰፌድ አመጣችው። መምሬ ሰዓታቸውን አይተው «ጾሙ የሚፈታው በዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ጠብቁ» አሉ። ያን ያህል ሰዓት ሁላችንም ቆሎውን ከበን ተቀመጥን። ዘጠኝ ሲሆን ዘሀራ በእጇ ዘግና ሰጠችኝ። «አፉ በይኝ» አለች።

«አንቺ አልበደልሽኝም። የሰይድን ነገ እናገራለሁ» አልኳትና በላሁ። ጌታቸው ቆይቶ ተቀመጠና ሁለት ፍሬ አንስቶ «ይሄማ ድንጋይ ነው» አለ። ግን በላው።

ሐሙስ፣ ከሚሴ

ከሚሴ አድረን ጠዋት ፍርድ ቤት ቀረብን። ከዚያ በፊት ችሎት ቀርቤ ስለማላውቅ ሰይድን ያየሁት ያኔ ነው። ክፉ ፊት ያለው ይመስለኝ ነበር፤ ቀጭንና ረጅም፣ ግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ ያለው ልጅ ነው። ዳኛው ሲጠይቁኝ «መንግሥት በሕጉ ይቅጣው፤ ሞት ግን አልጠይቅም። እኔ ያየሁትን እናቱ እንድታይ አልፈልግም» አልኩ። ከሰዓት በኋላ ረጅም እስራት ተፈረደበት።

አርብ ደሴ ቤቴ ገባሁ። አጥቢያችን ውስጥ የልጇን ደም አረከሰች የሚሉኝ አሉ፤ ደግ አደረግሽ የሚሉም አሉ። ሕመሙ ከልቤ አልወጣም። ከዚህ መንገድ የተማርኩት፣ ይቅርታ ሕመሙ እስኪወጣ እንደማይጠብቅ ነው። ጸሎቴን አሁን ሳልዘል እጨርሳለሁ።

ባለፈው ወር ዘሀራ ስንቅ ይዛ ብትሄድ ሰይድ ከከሚሴ ተዛውሯል አሏት። ወዴት እንደሆነ እስካሁን አላወቀችም፤ እኔም እዚህ አጠያይቄ አላገኘሁም። እስረኛ ለመጠየቅ የምትሄዱ ካላችሁ፣ ሰይድ የሚባል የጨፋ ሮቢት ልጅ ካያችሁ፣ የት እንዳለና ደህና መሆኑን እባካችሁ ንገሩኝ።