የጋኑ መድኃኒት

ጣሊያን አገራችን ሳይገባ፣ ባሌ በሶዶ የእንፋሎት ወፍጮ እሳት አንዳጅ ነበር። ወፍጮውን የተከለው ፈረንጅ አገሩ ሲገባ፣ ውሃ የሚፈላበትን ትልቁን የብረት ጋን ዝገት እንዳይበላው በየሳምንቱ ውሃው ላይ የሚጨመር ነገር አሳይቶት ሄደ። ባሌም እንደ አገሩ መድኃኒት አዋቂ ያዘው። መድኃኒት ከተወራ ይረክሳል፤ ከወገንም አይወጣም። ሚስት ደግሞ ወገን አይደለችም፣ ብትፈታ ይዛው ትሄዳለች። ስለዚህ የነገረው ለእህቱ ነበር።

ሰኞ ሰኞ ከወፍጮው ጓሮ በር ዘግተው ይበጠብጣሉ። እኔ ምሳ ይዤ ደጅ እቆማለሁ። ሳቋ ይሰማኛል። ጣውንት ብትሆንስ ይሻለኝ ነበር፤ ጣውንት ትሰደባለች፣ እህት ምን ትባላለች?

"እትዬ፣ እንዳትገቢ፤ ይረክሳል" ብላ ምሳውን በበሩ ቀዳዳ ትቀበለኛለች። ፈገግ ብዬ እመለሳለሁ።

ደግሞ ምኑ ይደበቃል? ልብሱን የማጥበው እኔ ነኝ። እጅጌውን ያጠቆረው ቆዳ ፋቂዎች የሚዘፈዝፉበት የግራር ቅርፊት ነው። ኪሱ ውስጥ የሚቀረው፣ ውሃ ሲነካው እጅ የሚያሙለጨልጨው ነጭ ዱቄት ሶዳ ነው። ቅርፊቱን ቀቅሎ ከሶዳው ጋር ማፍሰስ፣ አለቀ። ማወቄ ግን ጭራሽ አባሰብኝ። እኔ የፈለግሁት መድኃኒቱን ሳይሆን እሱ ሲነግረኝ መስማት ነበር።

እህቱ ከሶዶ ራቅ ወዳለችው ወደ በዴሳ ከተማ ተዳረች። ምን እዋሻለሁ፣ ሰርጓ ላይ ከሁሉ አብልጬ የጨፈርኩት እኔ ነኝ። ከእንግዲህ ከኔ በቀር ማን አለው ብዬ።

ብዙም ሳይቆይ ባሌ እህል ሊያመጣ ተበላ ወደሚባለው ቆላ ወርዶ ወባ ይዞት ተመለሰ። እሱ ተኝቶ ሳለ ከጋኑ ሥር የሚለቀቀው ውሃ እንደ ጎርፍ መቅላት ጀመረ፤ ብረቱ እየተበላ ነው። የወፍጮው ባለቤት ቤት ድረስ መጣ።

"ወይ መድኃኒቱ ይደረግ፣ ወይ ሌላ ሰው እቀጥራለሁ" አለው።

እኔ አልጋው አጠገብ ላቡን እየጠረግሁ ነበር። አሁንስ ይነግረኛል ብዬ ጆሮዬን አስጠጋሁ።

"የእናቴን ልጅ ጥሩልኝ" አለ።

ወደ በዴሳ ሰው ተላከ። መጣች፤ ወፍጮ ቤት ገብታ የሚደረገውን አደረገች። ከዚያ ቤት መጥታ እጄን ይዛ ወደ ጓዳ ሳበችኝ።

"እትዬ፣ እኔ እንግዲህ ሩቅ ነኝ። ልንገርሽ፤ ለሱ እንዳትነግሪው ብቻ።"

"ግራርና ሶዳ ነው" አልኳት።

አፏን በእጇ ያዘች። "ታዲያ እያወቅሽ ለምን ዝም አልሽ?"

ባሌ ከአልጋው ተጣራ። ውሃ ጠምቶታል። ለውሃ ሲሆን የሚጠራው እኔን ነው።

ቀድቼ ሄድኩለት።