ባጃጅ ውስጥ የረሳሁት የራስ ቆዳ

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት፣ ትምህርት ሊዘጋ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው። ዲላ ውስጥ ባጃጅ በተሳፈርኩ ቁጥር ትዝ ይለኛል፤ ትዝ ባለኝ ቁጥርም ያናድደኛል።

የታሪክ መምህር ነኝ። በጥንት ጦርነቶች የጠላትን የራስ ቆዳ ከነፀጉሩ ገፍፎ ለድል ምልክት መያዝ በአንዳንድ አገሮች እንደነበረ ሳስተምር፣ ሁልጊዜ የሚያንቀላፉት ተማሪዎቼ በአንዴ ነቁ። "ቲቸር፣ ለመዝጊያው የሚያስፈራ ድራማ እንሥራበት" አሉኝ። እኔም ሞኙ ጻፍኩላቸው።

ለድራማው የተገፈፈ ፀጉር ያስፈልግ ነበር። ታላቅ እህቴ ምሕረት ሁለት ዊግ አላት። ከታመመች ወዲህ ፀጉሯ ረግፎ አልተመለሰም። ይህን ከቤተሰብ በቀር የሚያውቅ የለም፤ ቤተ ክርስቲያን አብረዋት የሚዘምሩት እንኳ የራሷ ፀጉር ይመስላቸዋል። አሮጌውን ዊግ ሳላስፈቅዳት ወሰድኩና ጠርዙን በቀይ ስር ውሃ ነከርኩት። በጥቁር ፌስታል ይዤው ባጃጅ ተሳፈርኩ። ስወርድ ረሳሁት።

ሹፌሩ ታማኝ ሰው ነው። ምነው ባልሆነ! ፌስታሉን ለተራ አስከባሪው ሰጠው። ተራ አስከባሪው ደግሞ የተረሳ ዕቃ ሲመጣለት ከፍ አድርጎ እያሳየ "የማነው?" ብሎ የመጮህ ልማድ አለው። እጁን ከተተና ፀጉሩን ብድግ አደረገው።

እኔ ትዝ ብሎኝ ገበያው አጠገብ ወዳለው ባጃጅ ተራ ስመለስ ገበያተኛው ሁሉ እዚያ ተሰብስቦ ነበር። "የኔ ነው" አልኩ። ፖሊስም ወዲያው መጣ።

"ዊግ ነው፣ ንኩት" ብል ማን ይንካ! ታሪኩን ማስረዳት ጀመርኩ፤ የት አገር ይደረግ እንደነበር፣ በምን ዓይነት ቢላ፣ ከግንባር ነው ከማጅራት የሚጀመረው። ባብራራሁ ቁጥር ሰው ወደ ኋላ ይሸሻል።

"የማን ፀጉር ነው?" አለኝ ፖሊሱ።

"የእህቴ የምሕረት። ዊጓ ነው።"

ከምሕረት ጋር የምትዘምር ሴት ከመሃል ጮኸች። "ውሸቱን ነው! ምሕረት ዊግ አታደርግም! ስንት ዓመት አብረን ዘምረናል፣ ፀጉሯ የራሷ ነው!"

እህቴ ከሁሉም የደበቀችውን ገበያ መሃል እንዴት ልናገር?

አንዱ ደውሎላት ኖሮ ምሕረት እየሮጠች መጣች፤ በሕይወት አለች፣ ፀጉሯም ራሷ ላይ ነው። ተገላገልኩ ስል ፖሊሱ አልለቀቀኝም። "ታዲያ ይሄኛው የማን ነው?"

ምሕረት ፌስታሉን አየች፣ እኔን አየች። ከዚያ ያደረገችውን ዊግ በሁለት እጇ አወለቀችው።

"ይሄም የኔ ነው፤ ያም የኔ ነው። ልጁን ልቀቁት" አለች።

ያቺ ዘማሪ ነጠላዋን ልታለብሳት ስትጠጋ ምሕረት "ተይው" አለቻት። ሁለቱንም ዊግ ፌስታሉ ውስጥ ከታ እኔን ትታኝ ወደ ቤት ሄደች።

ድራማው ቀረ። ምሕረት አሁን ሻሽ ብቻ አስራ ትዘምራለች፤ ሰዎችም "እንኳን ወጣልሽ፣ ተገላገልሽ" ይሏታል። ይህን ስሰማ ደሜ ይፈላል። እሷ መቼ ልገላገል አለች? በሹፌሩም፣ በተራ አስከባሪውም፣ በፖሊሱም ብዙ ጊዜ ተናድጃለሁ። ግን ያን ዊግ ከእህቴ ራስ ላይ ያወለቅኩት እኔ ነኝ።