የምላጭ ዘመቻ በቢቸና አዳራሽ

አቶ አካለ ወልድ የጁቤ አካባቢ ተወልደው፣ የቅኔውን ትምህርት ሳይጨርሱ ወደ ዘመናዊው ተሻግረው፣ ከስምንተኛ ክፍል በላይ መዝለቅ ያልቻሉ ሰው ነበሩ። ሞጣ በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት የሳይንስ ቤተ ሙከራ ጠባቂ ሆነው ዐሥራ አራት ዓመት አገለገሉ። ብልቃጥ ያጥባሉ፤ እንቁራሪት ይይዛሉ፤ መምህር በቀረ ቀን በአጉሊ መነጽር የሚታየውን ለተማሪ ያስረዳሉ። ዲፕሎማ ያላቸው የማያውቁትን ብዙ ነገር ያውቁ ነበር፤ ይህም በዚያ ዘመን ከድንቁርና የባሰ ጥፋት ነበር።

በ፲፱፻፸፮ ዓ.ም. ክረምት፣ ለአብዮቱ ዐሥረኛ ዓመት በዓል፣ የቢቸና አዳራሽ በዓሣ እንዲያጌጥ ተወሰነ። የወሰነው የበዓሉ ኮሚቴ ሊቀ መንበር ጓድ ደምለው ነው፤ በካድሬ ትምህርት ቤት ስድስት ወር ተቀምጦ የተፈጥሮን ሕግ ከዳር እስከ ዳር ጨርሶ የመጣ ጎልማሳ። ዓሣ በወንዙ ውስጥ ሞልቷል፤ ነገር ግን በመስታወት ካልታየ የምርት ዕድገት መሆኑ በምን ይታወቃል? ስለዚህ የሞጣው ትምህርት ቤት የመስታወት ገንዳ ከነጠባቂው በጭነት መኪና ላይ፣ ጭድ ተነጥፎለት፣ በጉንደ ወይን በኩል መጣ። አቶ አካለ ወልድም ዐሥራ ሁለት ትንንሽ ዓሣዎች እስከ መስከረም ሁለት በሕይወት ካልቆዩ ከሥራቸው እንደሚሰናበቱና በሕግ እንደሚጠየቁ በሚገልጽ ወረቀት ላይ ፈረሙ። ይስማሙ እንደሆነ የጠየቃቸው የለም።

ሐምሌ ሲጋመስ በመስታወቱ ላይ እንግዳ ፍጡር ታየ፦ ክር የሚያህል፣ አረንጓዴ፣ አናቱ ላይ ስድስት ሰባት ቀጫጭን ጣቶች የሚያወዛውዝ። የመጣው ደምለው ለጌጥ ብሎ ከረግረግ ባስነቀለው የውኃ ሣር ነው። በሦስተኛው ቀን ከዓሣዎቹ ትንሿ በነዚያ ጣቶች ተይዛ ሞታ ተገኘች።

«ይህ ሃይድራ ይባላል፣ ጓድ ሊቀ መንበር» አሉ አቶ አካለ ወልድ። «ጣቱ እንደ ሳማ ይለበልባል። ዓሣዎቹን ለሁለት ቀን በበርሜል እናቆያቸው። ሣሩ ይጣል፤ ገንዳውና ጠጠሩ እጅ በማያስችል ሙቅ ውኃ ይታጠብ። ያልቃል።»

«የበላይ አካል ድንገት መጥቶ ባዶ ገንዳ ቢያይስ? ጠላት ገላውን በሙቅ ውኃ አይታጠብም፤ ይቆረጣል!»

«ይህኛው ሲቆረጥ ይበዛል። ለሁለት ቢከፍሉት ሁለቱም ይኖራሉ።»

«ይህ የተስፋ ቆራጮች ፍልስፍና ነው፣ ጓድ አካለ ወልድ።»

ዘመቻው ታወጀ። ሃያ ወጣቶች እያንዳንዳቸው አንድ ምላጭ ተረክበው፣ እጃቸውን እስከ ክርን ውኃ ውስጥ ነክረው፣ እየዘመሩ ቆረጡ። ጸሐፊዋ ፋንታነሽ በመጀመሪያው ቀን ብቻ ሦስት መቶ ዐሥራ ሁለት መቆረጣቸውን መዘገበች፤ ድሉም ወደ ላይ ሪፖርት ተደረገ። በሳምንቱ መስታወቱ አረንጓዴ ጠጉር አበቀለ። ስብሰባ ተጠራ፤ ከአራት ሰዓት ክርክር በኋላ ምላጮቹ ዱልዱም እንደነበሩ ተደረሰበት። አዲስ ምላጭ ተገዝቶ እንደገና ተቆረጠ። ነሐሴ ሲያልቅ የቀሩት ዓሣዎች ሰባት ናቸው፤ ሃይድራውን ግን የሚቆጥረው ጠፋ።

በጳጉሜን ሁለት ደምለው አንድ ከረጢት ዱቄት ይዞ ገባ። ገበሬው ተባይ የሚያጠፋበት ነው ብለው ነግረውታል። አቶ አካለ ወልድ ቆንጠር አድርገው አሸተቱ።

«ይህማ ብርብራ ነው።»

«ታዲያ!»

«ጓድ፣ በዚህ አገር ብርብራ የሚወቀጠው ዓሣ ለመግደል ነው። ወንዝ ውስጥ ይበተናል፤ ዓሣው ይሰክርና ሆዱን ሰቅሎ ይንሳፈፋል።»

«እሱ በፊውዳሉ ሥርዓት ነው!» አለና ራሱ ጨመረው።

ሰባቱም ዓሣዎች ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ሆዳቸውን ሰቀሉ። ብርብራው ከአብዮቱ በፊት የነበረውን ጠባይ አልለወጠም ነበር። ሃይድራዎቹ ጣታቸውን ማወዛወዛቸውን ቀጠሉ።

በማግሥቱ አቶ አካለ ወልድ ግለ ሂስ እንዲያደርጉ በአዳራሹ ቆሙ። የሚጠበቅባቸው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር፦ ብርብራውን እኔ ጨመርኩ። ይህን ካሉ ቸልተኝነት ተብሎ በተግሣጽ ይታለፋል፤ ሥራቸውም ይተርፍላቸዋል። ደምለው ጠዋት በጆሯቸው ይህንኑ ሹክ ብሏቸዋል።

እርሳቸው ግን ሣሩ ከመጣበት ቀን ጀምረው፣ ማን ምን እንዳዘዘ፣ በስንት ሰዓት፣ ማን ፊት እንደሆነ፣ ድምፃቸውን ከፍም ዝቅም ሳያደርጉ ተናገሩ።

«ይህ ግለ ሂስ ነው ወይስ ክስ?» ብሎ ደምለው ጠረጴዛውን መታ።

«የሆነው ነው።»

«ፋንታነሽ፣ እንዳትጽፊው!»

«ጽፌዋለሁ እኮ፣ ጓድ።»

«ሰርዢው!»

ተሰረዘ። አቶ አካለ ወልድ ታሰሩ። በዓሉ ገንዳው በቀይ ጨርቅ ተሸፍኖ ተከበረ፤ ለእንግዶችም በዝግጅት ላይ መሆኑ ተገለጸላቸው። እርሳቸው ግን በሁለት ወር ውስጥ ቃላቸውን እንዲያስተካክሉ ሦስት ጊዜ ተጠሩ፤ ሦስቱንም ጊዜ ያንኑ፣ በዚያው ቅደም ተከተል፣ አንዲት ሰዓት ሳያዛንፉ ደገሙት። በመጨረሻ መርማሪው ሰለቸውና ለቀቃቸው። ደምለው በዚያው ሰሞን በዓሣ ሀብት ልማት እንዲሠለጥን ወደ ውጭ አገር ተልኮ ነበር።

የስንብት ደብዳቤው ሞጣ ቀድሟቸው ደርሷል። አቶ አካለ ወልድ ቤታቸው ሳይገቡ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄደው የቤተ ሙከራውን ቁልፍ በእርሳቸው ቦታ ለተተካው ሰው አስረከቡ፤ ቆመውም ደረሰኝ ጠየቁ።