የ«ሙከራ ሰባት» መጥፋት

ስልኩ ሲጮኽ የታላቅ እህቱ ስም ወጣ። አነሳና «አቤት እትዬ» አለ። የመለሰለት ግን ጎርናና የወንድ ድምፅ ነው።

«ድንቡሼ፣ ድምፄ የት ሄደ?»

ሰውየው ክው አለ። ሃምሳ ዓመት የደፈነውን፣ ራሱ የተመለጠውን የውኃ ቆጣሪ ጠጋኝ በዚህ ዓለም «ድንቡሼ» የሚለው አንድ ሰው ብቻ ነው። እሱም እሷ ናት። እሷ ደግሞ ጉሮሮዋ በቀዶ ሕክምና ከወጣ ስድስት ዓመቷ ነው፤ የምትናገረው በጡባዊ ኮምፒውተር እየጻፈች ነው። ኮምፒውተሩ የጻፈችውን ያነብላታል፣ ያውም በገዛ ራሷ ድምፅ። እስከዚያች ቅዳሜ ጠዋት ድረስ ማለት ነው።

ነገሩ ወዲያው ገባው። ከቁርስ በኋላ ምን ሲሠራ እንደነበር ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለማ።

ይህ ሰው ከቆጣሪው ሥራ ሌላ አንድ ፍቅር አለው። ጽሑፍን ድምፅ አውጥቶ የሚያነብ፣ ማንም በነጻ የሚወስደውና የሚያሻሽለው ፕሮግራም አለ፤ የዚያን እትሞች የሚጠብቀው እሱ ነው። ለሕዝብ በወጣው እትም ላይ ታግ የሚባል የመለያ ምልክት ያደርግበታል፤ ታግ ያለበትን ማንም አይነካም። ቅርንጫፍ የሚሉት ደግሞ ሰው በጎን የሚሞክርበት ቅጂ ነው፣ ሥራው ሲያበቃ ይሰረዛል። መሰረዝ ነፍሱ ነው። አብረውት የሚሠሩት «መጥረጊያው» ይሉታል፣ እሱም ሲሉት ደስ ይለዋል። ሁለት ዓመት ያልተነካ፣ ታግም የሌለው ቅርንጫፍ ከነቅሪቱ ይጥፋ የሚለውን ደንብ በቅርቡ ያወጣውም ራሱ ነው። በዚያ ጠዋት ሠላሳ ስምንቱን እያፏጨ ጠራረጋቸው። አንደኛው ስሙ «ሙከራ ሰባት» ነበር።

«ሙከራ ሰባት» እህቱ ነበረች።

ከቀዶ ሕክምናው በፊት ሦስት ሳምንት ሙሉ መኝታ ክፍሉ ውስጥ፣ የመንገዱ ጫጫታ እንዳይገባ መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርደው፣ ዘጠኝ መቶ ዓረፍተ ነገር አነበበች። በመጨረሻው ቀን ደግሞ በዓረፍተ ነገሮቹ ውስጥ የሌሉ፣ ለራሷ የምትፈልጋቸውን ቃላት ለብቻ አስቀረጸችው። እሱም ቸኩሎ ያገኘውን ስም ሰጠውና ኮምፒውተሯ ሲከፈት ድምፁን ከዚያ እንዲያመጣ አደረገ። ድምፁን ወይም አንድን ቃል ካጣ የፕሮግራሙን የወንድ ድምፅ ይጠቀማል። ታጉን በሚቀጥለው እትም አደርግበታለሁ አለ፤ እትም አለፈ፣ ሌላም አለፈ። በቤቱ የነበረውን ቅጂ ባለፈው ዓመት አሮጌ ኮምፒውተሩን ሲያጸዳ ራሱ አጥፍቶታል። ሰው በራሱ ላይ እንዲህ ይጨክናል?

«አንድ ጊዜ ጠብቂኝ እትዬ» ብሎ ስልኩን ዘጋ። ወዲያው ለፕሮግራሙ ሰዎች ሁሉ ጻፈ፦ የእህቴን ድምፅ አጥፍቻለሁ፣ «ሙከራ ሰባት» ያለው ሰው አለ?

አንድ ሰዓት ሊሞላ ሲል መልስ የሰጠው «ቋጣሪው» ነው፤ ምንም ነገር አይጥልም ብሎ መጥረጊያው ሰው ሁሉ ፊት «ለመሆኑ ቤትህ መተኛ ቦታ አለህ?» እያለ የሚያሾፍበት ሰው።

«እኔ ጋ አለ» ይላል። «የመጨረሻውን ቀን ቀረጻ ግን አልወሰድኩም።»

«ለምን አስቀመጥከው?» አለው።

«አራት መቶ አሥረኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ሳቋን ስታፍን ይሰማል። መጣሉ አላስቻለኝም።»

መጥረጊያው አንገቱን ደፋ። ቅጂው እንደደረሰው ከሁሉ አስቀድሞ ታግ አደረገበት። ከዚያ ሸሚዙን ገልብጦ ለብሶ እህቱ ቤት ሮጠ፣ ጡባዊውን ከእጇ ተቀብሎ ሲያስተካክል ቀና ብሎ ሊያያት አልደፈረም። ጨርሶ መለሰላት።

እሷ ጻፈች። «ፊትህ ምነው አመድ መሰለ? ሸሚዝህንም ገልብጠሃል» አለች። ራሷ ናት። ያቺው ፈጠን ያለች፣ መጨረሻው ላይ ከፍ የምትል ድምፅ። መሬት ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ።

«ተወው በቃ፣ አገኘኸው አይደል፣» ቀጠለ ድምፁ፣ ከዚያም ያ ጎርናና ሰውዬ መጣ፦ «ድንቡሼ።»

ሁለቱም ደነገጡ። ያቺ ቃል በመጨረሻው ቀን ከተቀረጹት አንዷ ነበረች፣ ያ ቀን ደግሞ የትም የለም። እህቱ ደግማ ጻፈችው፤ ሰውዬው ደግሞ ጠራው። ለሦስተኛ ጊዜ ሳትጽፍ እጇን አነሳች።

ከዚያ ወዲህ ያንን ስም በኮምፒውተሩ አትጽፈውም። በከንፈሯ ብቻ ትለዋለች፣ ያለ ድምፅ። እሱም እሷ ዘንድ ሲሄድ ስልኩን ኪሱ ይከታል፣ ዓይኑንም ከፊቷ አይነቅልም፤ ካላያት መቼ እንደጠራችው አያውቅም።